የሊንክ ደላላ በኤረር በር

አፊሊዬት ማርኬቲንግ የሌላ ሰው ዕቃ በኢንተርኔት አስተዋውቆ፣ ዕቃው ሲሸጥ ከዋጋው በመቶ ይህን ያህል ተብሎ የሚታሰብ ድርሻ የሚቀበሉበት ሥራ ነው። አስተዋዋቂው ዕቃውን አይገዛም፣ አያከማችም፣ አያደርስም፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑም አይቶት አያውቅም። በእጁ ያለው የራሱ መለያ የተቀበረበት ሊንክ ብቻ ነው። ገዢው በዚያ ሊንክ አልፎ ሲገዛ፣ የሻጩ ኮምፒዩተር “ይህን ሰው ያመጣው እገሌ ነው” ብሎ ይመዘግባል። ሐረር ላይ፣ በተለይ ኤረር በር አካባቢ፣ ይህን ያህል ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው የለም። ሥራው ድለላ ነው። አዲሱ ነገር ደላላው ቁጭ ብሎ መሥራቱ ነው።

ኤረር በር የጀጎል ግንብ ምሥራቃዊ በር ነው፤ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአሚር ኑር ጊዜ፣ ከተማዋ በግንብ ስትታጠር ከተተዉት 5 በሮች አንዱ ሲሆን፣ ከኤረር ሸለቆ በኩል የሚመጣ መንገደኛ የሚገባው በእሱ ነው። በሩ አጠገብ ሴቶች ጫት ዘርግተው ይሸጣሉ። እንዲህ ባለ ቦታ በሻጭና በገዢ መካከል አንድ ሦስተኛ ሰው አይጠፋም። ዕቃ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ ሚዛን የለውም፤ ግን ማን ምን እንዳለውና ማን ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ደላላ የሚለው ስሙ ከዓረብኛው ደላል የመጣ ነው። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የንግድ ሕግም በደላላ አላፈረበትም፤ ራሱን ችሎ ተዋዋዮችን እያገናኘ በዚያ የሚተዳደር የንግድ ሰው አድርጎ በአንቀጹ አስፍሮታል።

ከሕጉ በፊትም ቢሆን ሥራው ነበር። በሐረርና በባሕሩ ዳርቻ መካከል የሚመላለስ ሲራራ ነጋዴ የሶማሌውን ምድር ሲያቋርጥ አባን የሚባል ሰው ይይዝ ነበር። አባን ጠባቂም፣ አስተርጓሚም፣ ደላላም ነው። እንግዳው የገዛውና የሸጠው ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል፤ ካለፈውም ሁሉ ድርሻው ይነሣለታል። ከዛሬው አፊሊዬት ኔትወርክ የሚለየው ጦር በመያዙ ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ሐረር ሲደርስ የገባው በዚሁ በምሥራቁ በር ነው። ወዲያው ግን አልገባም። ወሬው አሚር አሕመድ ዘንድ ደርሶ ፈቃድ እስኪመጣ ከበሩ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ የከተማው ሰውም ከቦ ከእግር እስከ ራሱ መረመረው። በእጁ የነበረው የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ኤደን ካለው የእንግሊዝ ሹም የመጣ ይመስላል፤ የጻፈው ግን ራሱ በርተን ነበር። ዛሬ የአፊሊዬት ፕሮግራም ማመልከቻ የሚሞላ ወጣት የሚገጥመው ከዚህ ብዙ አይለይም። ማን ነህ? ከየት አገር ነህ? ድረ ገጽህ ወይም ቻናልህ የት አለ? ደንበኛ የምታመጣው በምን ዘዴ ነው? በወር ስንት ሰው ይጎበኝሃል? እዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ የበርተንን ደብዳቤ የመሰለ መልስ የሚጽፈው ሰው ቀላል አይደለም። በርተን ከገባ በኋላ ያሳሰበው ደግሞ መውጣቱ ነበር፤ 10 ቀን ሰንብቶ በሰላም ተሸኘ። የዛሬው አመልካች የሚሰጠው ጊዜ ከዚህ ይረዝማል። አማዞን አዲስ ለገባ አስተዋዋቂ 180 ቀን ይሰጠዋል፤ በዚያ ውስጥ 3 ሽያጭ ካላመጣ መዝገቡ ይዘጋል።

በኢንተርኔት በኩል ያለው ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፒሲ ፍላወርስ የተባለ የአሜሪካ አበባ ሻጭ ፕሮዲጂ በሚባለው የኮምፒዩተር መረብ ላይ በዚህ ዓይነት አሠራር መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሲዲናው የተባለው የሙዚቃ መደብር ተከተለው። አማዞን እ.ኤ.አ. በጁላይ 1996 ፕሮግራሙን ሲከፍት ግን ነገሩ የሁሉ ሰው ሆነ፤ መጽሐፍ አንብቦ የወደደ ሁሉ መጽሐፍ ደላላ የመሆን ዕድል አገኘ። አንብቦ ያልወደደም እንዲሁ።

አመልካቹ በቅድሚያ የሚመርጠው ከሁለት አንዱን ነው፤ አንድ ሻጭ በራሱ የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም፣ ወይም ብዙ ሻጮችን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበስበውን ኔትወርክ። ኔትወርክ የሚለው ቃል ኤረር በር ላይ ሲነሣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ ኔትወርክ ማለት መብራት ሲሄድ ተከትሎት የሚሄደው ነገር ነው። “ጥሩ ኔትወርክ የትኛው ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ወጣት፣ ስልኩን ይዞ ወደ ግንቡ ጫፍ ከፍ እንዲል ሊመከር ይችላል።

ልዩነቱ ለሐረር ሰው በሐረር ካርታ ሲነገር ይቀላል። የአንድ ሻጭ ፕሮግራም ማለት መኪና ግርግር ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ መቆም ነው። ያ መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ደላላውም ቀኑን ሙሉ የአንዱን መኪና ድምፅ ሲሰማ ይውላል፣ የሰፊውን ጸባይ ያውቃል፣ ሒሳቡንም ከእሱ ጋር ብቻ ይተሳሰባል። ኔትወርክ ደግሞ ፈረስ መጋላ መውጣት ነው። ሁሉም ሻጭ እዚያ አለ፤ ጩኸቱም እንዲሁ። ከቀደሙት ሊንክሼር እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሠርቶ ኋላ የራኩተን ሆነ፤ ኮሚሽን ጃንክሽን በ1998 ካሊፎርኒያ ላይ ተቋቋመ። አዊን መቀመጫውን በርሊን ያደረገ ነው። ክሊክባንክ፣ እሱም የ1998 ልጅ፣ በአብዛኛው የሚነበብና የሚታይ እንጂ የሚጨበጥ ዕቃ አይሸጥም።

ብዙ ጀማሪ ኔትወርክ ውስጥ መመዝገቡን ሥራ እንደማግኘት ይቆጥረዋል። አይደለም። ኔትወርኩ ካስገባ በኋላ እያንዳንዱ ሻጭ ለብቻው ይጠየቃል፤ እያንዳንዱም እንደ አሚሩ በር ላይ ያስጠብቃል። የኔትወርክ ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። ከአሥር ሻጭ አንድ አንድ ዶላር ያገኘ ደላላ፣ አሥሩም በተናጠል ቢሆኑ ኖሮ ለክፍያ የሚፈለገው ዝቅተኛ መጠን ስለማይሞላ ከአንዳቸውም ምንም አይደርሰውም ነበር፤ ኔትወርኩ ግን አሥሩን ደምሮ በአንድ ሒሳብ ያስቀምጥለታል። ለዚህ ድካሙ ኔትወርኩ ከሻጮቹ የራሱን ይወስዳል። ደላላን የሚደልል ደላላ መሆኑ ነው።

የዕቃው ምርጫ የሚጀምረው ከዕቃው ሳይሆን ከገዢው ነው፤ መመሪያዎች ሁሉ ይህን ይናገራሉ፣ ጀማሪዎች ሁሉ ያልፉታል። ኤረር በር አጠገብ ያለ ጎረቤት የአሜሪካ ሱቅ ሊንክ ቢላክለት አይገዛም። አይቶ ያደንቃል፣ “አቦ ምርጥ ነው!” ብሎ ለሌላ ይልከዋል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። የሚከፍልበት ዓለም አቀፍ ካርድ የለውም፤ ቢኖረውም ዕቃው ጀጎል ውስጥ ካሉት ጠባብ መንገዶች በየትኛው ተጠማዝዞ ደጁ እንደሚደርስ አሜሪካ ያለ መጋዘን አያውቅም። በአድናቆት ኮሚሽን አይታሰብም። ስለዚህ የኤረር በሩ የሊንክ ደላላ ዓይኑን ከበሩ ማዶ፣ ከባሕሩም ማዶ መጣል አለበት። ቶሮንቶ፣ ሜልበርንና ዋሽንግተን ውስጥ የሐረር ሰው አለ፤ ካርድም አድራሻም አለው፤ ናፍቆትም አለው።

ያ ሰው ምን ይገዛል? እዚህ ላይ አገር ማወቅ ዋጋ ያወጣል። አሜሪካ ውስጥ በአዮዋ ግዛት ቤታኒ የሚባል ፋብሪካ ሰፊ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራል። የተሠራው ለኖርዌይ ዝርያ አሜሪካውያን ነው፤ ሌፍሳ የሚባል ስስ የድንች ቂጣ ይጋግሩበታል። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ምጣዱን ባዩት ጊዜ የኖርዌዩን ነገር ማንም አላስታወሳቸውም፤ እንጀራ ጋገሩበት። ዛሬ በብዙ የዳያስፖራ ቤት ይኸው ምጣድ ከነጥቁር ፊቱ ተቀምጧል። ስለዚህ ምጣድ በአማርኛ ጽፎ እሳቱ ስንት ላይ እንደሚደረግ፣ ሊጡ እንዴት እንደሚፈስ፣ ዓይን እንዲያወጣ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ ሰው፣ የፋብሪካው መሐንዲስ ያላሰበውን ገበያ ያገናኛል። የአፊሊዬት ሥራ ጥበቡ ሁሉ እዚህ ነው ቢባል ብዙ አይጋነንም። ጀበናም በአማዞን ይሸጣል። ኤረር በር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ቶሮንቶ ለሚኖር የሐረር ልጅ፣ ከአሜሪካ መጋዘን የሚወጣ ጀበና ሲደልል፣ ጀበናው መጀመሪያ የተሠራው የት አገር ነው ብሎ ባይጠይቅ ለጤናው ይሻለዋል።

አገር ማወቅ የሱቁንም አገር ማወቅ ይጨምራል። የአማዞን የአሜሪካው ሱቅ፣ የካናዳውና የአውስትራሊያው የተለያዩ ናቸው፤ የአስተዋዋቂ ፕሮግራማቸውም እንዲሁ። ለአሜሪካው ብቻ የተመዘገበ ደላላ የላከውን ሊንክ የቶሮንቶው ሰው ከፍቶ፣ ዋጋውን አይቶ፣ ተመልሶ ከካናዳው ሱቅ ቢገዛ፣ የደላላው ድርሻ ድንበሩ ላይ ይቀራል። ዋንሊንክ የሚባለው የአማዞን መሣሪያ የተሠራው ይህን ለማገናኘት ነው፤ ደላላው ግን በየአገሩ መመዝገቡን መርሳት የለበትም።

መቶኛው ብዙ የሚወራለት ክፍል ስለሆነ እዚህ በአጭሩ ያልፋል። አማዞን ለመጽሐፍና ለማዕድ ቤት ዕቃ 4.5 በመቶ ይከፍላል፤ ለምግብ ሸቀጥ 1 በመቶ፣ ለውድ መዋቢያ 10 በመቶ። ተመኑ የአማዞን ነው፣ ሲፈልግ ይቀይረዋል። በኤፕሪል 2020 የቤት ዕቃን ከ8 ወደ 3 በመቶ፣ ሸቀጡን ከ5 ወደ 1 በመቶ አወረደው፤ ዓለም በወረርሽኝ ቤቱ ተቀምጦ ሸቀጥ በኢንተርኔት በሚገዛበት ሰሞን። ክሊክባንክ ውስጥ ደግሞ 75 በመቶ የሚሰጥ ሻጭ አለ። ጀማሪው 75ን ካየ በኋላ 4.5 በዓይኑ አይሞላም። ነገር ግን 75 በመቶ የሚሰጠው ዕቃ ብዙ ጊዜ በሦስት ሳምንት ቦርጭ የሚያጠፋ፣ በኮምፒዩተር የሚነበብ መጽሐፍ ነው። አንዱን ቅጂ ለማባዛት ሳንቲም አይፈጅም፤ ስለዚህ ሻጩ ያመጣለትን ሰው ሦስት ሩብ ቢያጎርሰውም አይጎዳም። ገዢው ቦርጩን ዳስሶ ገንዘቡን ሲያስመልስ ኮሚሽኑም አብሮ ይመለሳል። ኤረር በር ላይ ፀሐይ ሲበረታና ጫቱ መጠውለግ ሲጀምር የደላላው ድርሻ ለምን ከፍ እንደሚል የገባው ሰው፣ ስለ 75 በመቶ ሌላ መጽሐፍ ማንበብ አይጠበቅበትም።

ከመቶኛው ይልቅ ጊዜው ነው መታየት ያለበት። ሊንኩን የተጫነ ሰው ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ ላይ ኩኪ የሚባል ምልክት ይቀመጥበታል፤ ይህ ሰው በእገሌ በኩል የመጣ ነው የሚለውም እሱ ነው። ኩኪ ዕድሜ አለው። ብዙ ፕሮግራሞች 30 ቀን ይሰጡታል፤ የአማዞን 24 ሰዓት ነው። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ያለውን ዕድሜ ለሚያውቅ አገር ይህን ማስረዳት ጊዜ አይወስድም፤ ዛሬ ያልተሸጠ ነገ ሌላ ነገር ነው። አንድ የማርያም መንገድ አለ። ገዢው በ24 ሰዓቱ ውስጥ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ካስገባው፣ እስከ 90 ቀን ቢያቆየውም ሲገዛው ለደላላው ይታሰባል። የጫት ሻጯ ደንበኛ “አስቀምጪልኝ” ብሎ እንደሚሄደው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የአማዞኑ ዕቃ አለመጠውለጉ ነው።

ሁለት ደላላ አንድ ገዢ ቢያመጡስ? ሐረር ላይ ይህ ክርክር ሽማግሌ ይዞ ማታ ድረስ ሊቆይ ይችላል። በኢንተርኔት ግን በአብዛኛው የሚፈረደው ለመጨረሻው ሰው ነው። አንዱ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ምጣዱ ጽፎ፣ ሥዕል አንሥቶ፣ ጥያቄ መልሶ ገዢውን ደጅ ድረስ ያመጣዋል፤ ሌላው ደጁ ላይ ቆሞ “በዚህ በኩል” ይላል፤ ኮሚሽኑን የሚወስደው “በዚህ በኩል” ያለው ነው። ሐረር ውስጥ ራምቦ ቤት ተብሎ የሚጎበኘውን ያማረ ቤት የሠራው አንድ የህንድ ነጋዴ ነው ይባላል፤ ያውም ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ሬምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ። ቱሪስቱ ግን የሚመጣው በሬምቦ ስም ነው። ነጋዴው ቤቱን ሠራ፣ ሬምቦ ክሊኩን ወሰደ።

ከዚህ የባሰም አለ። ፔይፓል በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ሀኒ የሚባል የቅናሽ መፈለጊያ፣ ገዢው ሊከፍል ሲል ብቅ እያለ የአስተዋዋቂውን ምልክት በራሱ ይተካል የሚል አቤቱታ በ2024 መጨረሻ በይፋ ተነሣበት፤ አስተዋዋቂዎችም አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዱ። የጀጎል ግንብ በየበሮቹ መካከል ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሌሊት ጅብ በእነሱ እየገባ የከተማዋን ትራፊ ያጸዳል። ሐረር ለጅቡ ቀዳዳውን የተወችው አውቃ ነው። የሊንክ ደላላው ግን ግንቡን ሠርቶ ጨርሶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቀዳዳ መኖሩን የሚያውቀው ጠዋት ሒሳቡን ሲያይ ነው።

ስለ ገዢ አንድ ሕግ ቀርቷል። አስተዋዋቂው በራሱ ሊንክ ለራሱ መግዛት አይችልም፤ የአማዞን ደንብ ወዳጅ ዘመድንም አንሥቶ ይከለክላል። ደንቡን የጻፈው ሰው ሐረርን እንዳላያት ከዚህ ይታወቃል። ጀጎል 48 ሄክታር ያህል ናት። በጋብቻ፣ በጉርብትና፣ በአፎቻ የማይገናኝ ሰው በዚያች ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አፎቻ ሠርግና ለቅሶ የሚረዳዱበት የሐረሪዎች ማኅበር ነው፤ ወሬም በእሱ በኩል ከማንኛውም ቴሌግራም ቻናል ቀድሞ ይደርሳል። ዘመድ ከገዢነት ይውጣ ከተባለ ለደላላው የሚቀሩት ጅቦቹ ናቸው።

የሚቀጥለው ጥያቄ ክፍያው ነው፤ ምርጫው በመሠረቱ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ሐረር በዚህ ጉዳይ የቆየ ልምድ አላት። ሬምቦ በዲሴምበር 1880 ሐረር የገባው ኤደን ላይ ለተቀመጠው የባርዴ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው፤ ከደመወዙ ሌላ ከትርፉ በመቶኛ የሚታሰብለት ነበር። ይህ ሥራ አላጠገበውም። በ1887 ለምኒልክ 2 ሺህ ገደማ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ወጣ። ንጉሡ ዋጋውን ሰበሩበት፤ የሟች ሸሪኩ አበዳሪዎችም እየመጡ ድርሻ ድርሻቸውን ጠየቁ። ከዚያ የተረፈውን በጥሬ አልተቀበለም፤ ሐረር ደጃዝማች መኰንን ዘንድ የሚከፈል ወረቀት ተሰጠው። ሐረር ወረደ። ሐረርም በቂ ጥሬ ብር ስላልነበረ ምጽዋ ያሉ ነጋዴዎች የሚከፍሉት ሌላ ወረቀት ተጻፈለት። ምጽዋ ሄደ፤ እዚያ ደግሞ ፓስፖርት የለህም ተብሎ ተያዘ። ገንዘብን ከእንጦጦ በሐረር አድርጎ እስከ ምጽዋ የተከተለ ሰው የአፊሊዬት ክፍያ ደንብ ቢያነብ አይደነቅም ነበር።

ደንቡ እንዲህ ነው። አማዞን ለአንድ ወር ሽያጭ የሚከፍለው ወሩ ካለቀ 60 ቀን ያህል ቆይቶ ነው፤ ገዢው የሚመልሰው ካለ እስኪመልስ። በባንክ ወይም በስጦታ ካርድ ለመቀበል ሒሳቡ 10 ዶላር መድረስ አለበት፤ በቼክ ከሆነ 100 ዶላር፣ ለቼኩም 15 ዶላር ይቆረጣል። በ20 ዶላር መጽሐፍ ቢታሰብ ከአንዱ 90 ሳንቲም ይገኛል። 11 መጽሐፍ ያሸጠ ሰው 9 ዶላር ከ90 ሳንቲም አለው፤ ማለትም ምንም የለውም። 111 መጽሐፍ አሽጦ ቼክ የሚጠብቀውም 99 ዶላር ከ90 ሳንቲም ይዞ እዚያው ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይህን ዓይነቱን ሒሳብ ነው። በ150 ዶላር የሚሸጥ ምጣድ ቢሆን ግን በተመሳሳይ መቶኛ ከአንዱ 6 ዶላር ከ75 ይገኛል፤ ሁለት ምጣድ የመጀመሪያውን በር ያሻግራል። መቶኛው ብቻውን ምንም እንደማይናገር ከዚህ ይታያል።

ከዚያ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚመጣ ይጠየቃል። ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ የማይልክ ፕሮግራም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ማመልከቻው ከመሞላቱ በፊት የክፍያ አገሮች ዝርዝር ተከፍቶ ኢትዮጵያ መኖሯ መታየት አለበት። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው 10 ዶላሩ ከሞላ በኋላ ነው። የስጦታ ካርድ የመረጠ ሰው ከአማዞን ሌላ የሚያጠፋበት ቦታ የለውም፤ ሐረር ተቀምጦ ካርድ ቢሞላ ያው የሰው ሱቅ መስኮት ማየቱ ነው። ቼክ የመረጠ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ቅጹ ግን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃል፣ “ከኤረር በር ገባ ብሎ ወደ ግራ” የሚለውን አይቀበልም። አሜሪካዊ አለመሆንን የሚያረጋግጥ የግብር ቅጽም አለ፤ ደብልዩ ኤይት ቤን ይባላል፣ ከስሙ በቀር የሚያስፈራ ነገር የለውም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 10 ዶላር ወደ ብር ሲቀየር ከቀድሞው የበለጠ ቁጥር ይሆናል፤ ይህ ለደላላው ደስታ ነው፣ ጎረቤቱ ያየውን የዕቃ ዋጋ ግን ይበልጥ ከሰማይ ይሰቅለዋል።

አስመዝጋቢ መስሎ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ሰው አለ። መጀመሪያ ራስህ ግዛ፣ ከዚያ ሁለት ሰው አምጣ፣ ሁለቱ ደግሞ አራት ያምጡ ይላል። እዚህ ዕቃው ምክንያት ነው፤ የሚሸጠው ሰው ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። መለያው ቀላል ነው። ደላላ ለመሆን መግቢያ የሚያስከፍል ገበያ የለም፤ ፈረስ መጋላ መቆም ነጻ ነው።

ሊንክ ያልሆነ፣ ግን ቅርብ የሆነ ሥራም በከተማዋ አለ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሲስፋፋ ወኪሎቹ በየሱቁ የሚሠሩት በኮሚሽን ነው። በቴሌግራም ቻናል የሌላውን ሱቅ ጫማና ልብስ ለጥፎ፣ ዋጋው ላይ ትንሽ ጨምሮ፣ “ኢንቦክስ” ብሎ የሚጠብቅ ወጣት ኩኪ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ገንዘቡን ግን የዚያኑ ዕለት ይቀበላል። ቱሪስት ይዞ የሚዞር አስጎብኚም ወደ ሰፌድና ሙዳይ ሻጭ ቤት ጎራ ሲያደርግ ምን እንደሚታሰብለት ከቱሪስቱ በቀር የማያውቅ የለም። በውጭ የሆቴል ማስያዣ ፕሮግራሞች የሚሠራ ሰው ለዚሁ ሥራ የሚከፈለው እንግዳው አድሮ ከሄደ በኋላ ነው፤ እንግዳው ጅብ ሲያበላ ደንግጦ ጉዞውን ካልሰረዘ።

መጨረሻ የሚሞላው ነገር ማሳወቂያው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አስተዋዋቂ ድርሻ እንዳለው በግልጽ እንዲናገር ያዝዛል፤ አማዞንም ከሽያጩ ገቢ እንደሚያገኝ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ገጹ ላይ ካላሰፈረ ከፕሮግራሙ ያስወጣዋል። ዓረፍተ ነገሩ ሰው በማያየው ጥግ ሳይሆን ከሊንኩ አጠገብ መቀመጥ አለበት። በአማርኛ ሲጻፍ “በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ እኔ ኮሚሽን አገኛለሁ” ቢባል ይበቃል። ኤረር በር ላይ ጫት የዘረጋች እናት ዓረፍተ ነገሩ ቢነበብላት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ለመጻፍ ማን እንዳስገደደ ነው። የአሜሪካ መንግሥት መሆኑ ሲነገራት፣ እርጥቡን ጨርቅ መልሳ ጫቱ ላይ ታለብሳለች። “አቦ፣ ደላላ በነጻ የሚመስለው ሰው እዚያ አገር አለ እንዴ?”